ሩብ የጎደላት ጥይት

በደቡብ ኢንዲያና ኮረብቶች መካከል አንድ ሰው አዲስ መሣሪያ ሲገዛ መጀመሪያ የሚያሳየው ለመርል ኬስለር ነው። ለሚስቱማ ቢችል ጨርሶ ባያሳያት ይመርጣል። መርል ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ የተተኮሰ ቀለህ ሰብስቦ፣ አጥቦ፣ ባሩዱን በሚዛን ለክቶ፣ እርሳሱን ገጥሞ እንደገና ጥይት የሚያደርግ ሰው ነው። አርባ ዓመት ሲሠራ የሱ ጥይት ከሸፈ የሚል ወሬ ተሰምቶ አያውቅም። በየዓመቱ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጀማሪ አዳኞችን ሲያስተምርም ነገሩን የሚከፍተው በአንድ ምክር ነበር፤ ሳጥኑ ላይ የምትጽፉትና ሳጥኑ ውስጥ ያለው አንድ ካልሆነ ጥይት መሥራቱን ትታችሁ ዳቦ ጋግሩ ይላቸዋል። እንግዲህ የኋላ ኋላ ያን ያደረገው ይህንኑ ሲል የኖረ ሰው ነው።

ልጁ ዳርላ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በሰኔ፣ ድርቆሽ ማሰሪያው ማሽን ተወትፎ ቆመና ልታጸዳው እጇን ሰደደች፤ ማሽኑ ሳይታሰብ ተነሥቶ ቀኝ እጇን ከክርኗ በታች ወሰደው። ከዚያ በፊት በቤተሰቡ ውስጥ እንደሷ ያለ አነጣጣሪ አልነበረም። ወንድሞቿ ይተኩሳሉ፣ እሷ ትመታለች፤ ልዩነታቸው ይኸው ነበር። ከአደጋው በኋላ ወደ ወላጆቿ ቤት ተመልሳ ሁለት የአደን ወቅት ከከብት መኖ መደብሩ ሥራዋ እየተመለሰች በወጥ ቤቱ መስኮት ስታይ አሳለፈች። እናቷ ሎሪን ትጸልይላታለች፣ ወንድሞቿ በስልክ ያጽናኗታል፣ መርል ግን ወጥቶ ቀለህ ያጥባል። ልጁ ከዚያ መስኮት ካልተነሣች መስኮቱ ለዘላለሙ እንደሚወርሳት ይሰማው ነበር፤ ይህንንም ለማንም አልተናገረውም።

ስለዚህ በነሐሴ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዳርላ ጥይት ወደሚሠራባት የእንጨት መጋዘን ገብታ በሩ ላይ ስትቆም፣ ሥራውን አቁሞ ቀና አለ።

«አባዬ፣ ያንን ባለአንድ ጥይት ሽጉጥ አውጣው» አለችው። «ዘንድሮ እወጣለሁ።»

ሽጉጡ የራሱ ነው። ክንድ የሚያክል አፈሙዝ፣ ከላዩ መነጽር ያለው ከባድ የአደን ሽጉጥ ነው። ከወገቡ ታጥፎ ይከፈታል፣ አንዲት ጥይት ይጎርሳል፣ ያቺ ካለቀች አለቀች ነው። ዳርላ ሁሉንም አስባበት ነበር የመጣችው። እጀታውን በተረፈው የቀኝ ክንዷና በጎኗ መካከል አጥብቃ ያዘችው፣ በግራ እጇ ከፈተችው፣ ጥይት እንደምታጎርስ ሁሉ ጣቷን አስገብታ አወጣችው፣ ከጭኗ ላይ ገፋ አድርጋ ዘጋችው። ጠመንጃ ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ይህ ግን አንድ ይበቃዋል። መርል አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ደስ ሲለው የሚያደርገው ያንን ነው።

ያ ዓይነት ሽጉጥ አፈሙዙ ይፈታል። በአንዱ እጀታ ላይ የፈለግከውን አፈሙዝ ትገጥማለህ፣ አፈሙዙ ደግሞ ጥይቱን ይመርጣል። መርል ሦስት አለው። ሦስቱን ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸውና ከያንዳንዱ ፊት የየራሱን ጥይት አቆመ። ትንሿ የሽኮኮ ናት፣ ከጣት ትቀጥናለች። ትልቁ፣ አርባ አምስት-ሰባ የሚሉት፣ አውራ ጣት የሚያክል ነው፤ ጥንት ጎሽ ይጥሉበት ነበር። መካከለኛው ሠላሳ-ሠላሳ ነው፤ የመርል አባት ዕድሜውን ሙሉ አጋዘን የጣለበት ጥይት።

ስለ ጥይት ምርጫ ምክር የማይሰጥ ወንድ በዚያ አገር ገና አልተወለደም። ወሬው በከብት መኖ መደብሩ በኩል ተዳርሶ ሰኞ ጠዋት ሁሉም መካሪ ሆኖ ቀረበ። አንዱ ትንሿ ትበቃታለች፣ አጋዘኑን ጆሮው ሥር ካገኘችው ይወድቃል አለ። ሌላው ቀስት ይሻላታል ሲል ዳርላ የሰጠችው መልስ በፓስተር ፊት የሚደገም አይደለም። መኖ መደብሩ ውስጥ አብሯት የሚሠራው ክሊት ግን ለትልቁ ነበር የተሟገተው።

«ትልቁን ያዢ» አላት። «አጋዘኑም ይወድቃል፣ አንቺም ትወድቂያለሽ፤ ቀድሞ የተነሣ ሌላውን ይበላል።»

ከአደጋው ወዲህ በእጇ ነገር የቀለደ ሰው እሱ ብቻ ነው። ዳርላ ሳቀች። የሳቀችው ስለቀለደባት ይሁን ስለደፈረ መርል አልገባውም፤ ብቻ ሳቋን ከሰማ ቆይቶ ነበር።

መርል በበኩሉ ወደ ትንሿ ያዘነበለ መሰለ። ዳርላ ግን ጥይቷን አንሥታ መልሳ አስቀመጠቻት። አጋዘን በዚህ አቁስሎ መልቀቅ ነውር ነው፣ ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ አለችው። እውነቷን ነው። ትልቁንም አልፈለገችም፣ ቂል አልነበረችም። ሠላሳ-ሠላሳውን በጣቷ ገፋ አድርጋ ወደሱ አስጠጋችው።

«ይህን» አለች። «ሙሉውን ግን። ለአያቴ ትሠራለት እንደነበረው።»

በሳምንቱ ቅዳሜ ከመጋዘኑ ጀርባ ወዳለው የኢላማ ቦታ ሄዱ። ሽጉጡን ሹካ ባለው እንጨት ላይ አስደግፋ የመጀመሪያዋን ተኮሰች። ሠላሳ-ሠላሳ በጠመንጃ የዋህ ነው፤ በሽጉጥ ግን እንደ በቅሎ ይራገጣል። አፈሙዙ ወደ ሰማይ ተወረወረ፣ ክንዷ አብሮት ሄደ። አልጣለችውም። ጥሩ ነው አለች። አምስት ተኮሰች፤ ሁለቱ ሰሌዳውን አገኙ። ለመርል ያ በቂ ነበር፤ ለመጀመሪያ ቀን ከበቂም በላይ ነበር። ነገር ግን ማታ ለራት እጃቸውን ሲታጠቡ አያት። ቧንቧውን ልትከፍት ሞክራ የእጅ አንጓዋ እምቢ አላት፤ ግራና ቀኝ አየችና በክርኗ ገፍታ ከፈተችው። አንጓዋ አብጦ ነበር። ያለችው አንዲት እጅ ናት፤ እሷ ደግሞ ቧንቧ አትከፍትም።

ራት ላይ መርል እጇን ብቻ ያይ ነበር። ይቺ እጅ ብትጎዳ ልጁ ምን ትሆናለች? ማን ያለብሳታል፣ ማን ያጎርሳታል? በማግስቱ እሑድ ሎሪንና ዳርላ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ወገቤን አመመኝ ብሎ ቀረ። መጋዘኑ ገብቶ ሚዛኑን ከሙሉው መጠን ሩቡን ዝቅ አደረገና ሃምሳ ጥይት ሠራ። ሳጥኑ ላይ በዚያ በሚታወቅ ቀጥ ያለ ጽሕፈቱ «ሠላሳ-ሠላሳ፣ ሙሉ» ብሎ ጻፈበት። ሁለት ሳምንት ብቻ ነው፣ እብጠቱ እስኪወርድ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ እመልሰዋለሁ ብሎ ራሱን አሳመነ። ራሱን ለማሳመን ጊዜ አልወሰደበትም፤ ሰው ለሚወደው ሲዋሽ ፈጣን ነው።

ጥይት ሠሪ ግን ስለሚያውቀው ነገር አላወቅኩም ማለት አይችልም። የአደን እርሳስ ሥጋ ሲያገኝ ጫፉ እንደ እንጉዳይ እንዲከፈት ሆኖ ነው የሚሠራው። ሲከፈት ነው በአንድ ጊዜ የሚገድለው። ለመከፈት ደግሞ ፍጥነት ይፈልጋል። ባሩዱ ሲያንስ በቅርብ ይከፈት ይሆናል፤ ራቅ ሲል ግን ሳይከፈት እንደ ወስፌ በስቶ ያልፋል፣ እንስሳውም ቀስ ብሎ ይሞታል። ይህን መርል በአዳራሹ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣለ ሃያ ዓመት አስተምሯል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዳርላ ከአዲሱ ሳጥን ተኮሰች። ሽጉጡ ዘለል አለ እንጂ አልተወረወረም። ሰሌዳውን አገኘችው። ደገመች፣ አገኘችው። አሥር ተኩሳ ስምንቱን መታች፤ ዘወር ብላ ስታየው ፊቷ ላይ የነበረውን መርል እስከ ዕለተ ሞቱ አይረሳውም።

«ለመድኩት!» አለች። «አባዬ፣ ለመድኩትኮ! እጄ ለመደው።»

ያኔ መናገር ነበረበት። አልተናገረም። ከሁለት ሳምንት በኋላ እብጠቱ ሲወርድም አልተናገረም፤ ምክንያቱም በነዚያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ዳርላ ፒካፑን ራሷ መንዳት ጀምራ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት በወጥ ቤቱ ውስጥ ስታንጎራጉር ሎሪን ሰምታ ወደ መጋዘኑ መጥታ አለቀሰች። በአምስተኛው ሳምንት ዳርላ ክሊትን ይዛ መጣች፤ መቶ እርምጃ ላይ የተሰቀለችውን የብረት ሳህን በፊቱ አራት ጊዜ ተከታትላ አስጮኸቻት፤ ክሊት ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣት። በሙሉ ጥይት ነው፣ ሳጥኑን እየው አለችው። ክሊት ሳጥኑን አየ። የመርል ጽሕፈት ካለበት ማን ይጠራጠራል? መርል የሱሪውን ኪስ ሲፈትሽ ቆየ፤ የሚፈልገው ነገር አልነበረም።

ባሩዱን ትንሽ ትንሽ እያለ መመለሱንም ፈራ። ሽጉጡ እንደገና መራገጥ ሲጀምር ታውቃለች፤ ሞኝ አይደለችም። እናም የቀረችው አንዲት መላ ታየችው፤ አጋዘኑን ማቅረብ። በጥቅምት ወር አጋዘን የሚያደፍጡበትን የእንጨት ማማ ከነበረበት አንሥቶ የአጋዘን መንገድ በአርባ እርምጃ የሚያልፍበት ቦታ ተከለው። ቁጥቋጦውን መነጠረ፣ በሌላ በኩል ያለውን መተላለፊያ በወደቀ እንጨት ዘጋ፣ መንገዷን እንደ በረት በር አጠበባት። በአርባ እርምጃ ያቺ ጥይት ትከፈታለች፤ ትሠራለች። ወገቡ የምር እስኪያመው ድረስ ሠራ። እናቷ የረገጠቻት ጫጩት አትሞትም ይባላል፤ አባት በስውር የደገፋት እንዴት እንደምትሆን ግን ማንም አልተረተም።

የኅዳር አደን የተከፈተበት ጠዋት ብርዱ ይቆነጥጥ ነበር። ሁለቱም ሌላ አዳኝ እንዲያያቸው ብርቱካንማ ሰደርያቸውን ለብሰው ማማው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ዳርላ ሽጉጡን በመደገፊያው እንጨት ላይ አጋድማ፣ እጇን በብብቷ ሥር ታሞቃለች። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጠበቁ። ፀሐይ የታጨደውን በቆሎ አገዳ መምታት ስትጀምር አንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን ወጣ። በተመነጠረው መንገድ አይደለም። ታች፣ በጅረቱ ዳር፣ መርል ቁልቁል ነው አይመጡበትም ብሎ በተወው በኩል ነው። መቶ አሥር እርምጃ ይሆናል። ጎኑን ሰጥቶ ቆመ።

ዳርላ ሽጉጡን ወደሱ አዞረች።

«ቆይ» አላት መርል በሹክሹክታ። «ይጠጋል።»

«መቶ እርምጃ ነውኮ። ሳህኗ ያለችበት ነው።»

«ይጠጋል አልኩሽ። ቆይ ትንሽ።»

አጋዘኑ አንገቱን ወደ ጅረቱ ማዶ አዞረ። ማዶው የኦሪን ስትራውድ መሬት ነው፤ ከተሻገረ አበቃ። መርል አንድ ነገር ማለት ይችል ነበር። አትተኩሺ፣ ጥይቷ ሙሉ አይደለችም ማለት ይችል ነበር፤ አራት ቃል ናት። አላላትም። ዳርላ ትንፋሿን ግማሽ አውጥታ ያዘችና ምላጩን ሳበች።

አጋዘኑ ጀርባውን ቀስት አድርጎ ዘለለ፤ የተመታ እንስሳ ነው እንዲያ የሚዘለው። ከዚያ ሮጠ። ጅረቱን ተሻግሮ በሽቦ አጥሩ ላይ አልፎ ሲጠፋ አንድ ጊዜም አልተንገዳገደም።

«መታሁት» አለች ዳርላ። «ከትከሻው ኋላ ነው፣ ቦታው ላይ ነው። አይተኸዋል፣ አይደል?»

አይቷል። እንዳነጣጠረችው ነበር፤ ከወንድሞቿ አንዱም ከዚያ የተሻለ አይተኩስም። ሳንባው ላይ የገባች ሙሉ ጥይት ብትሆን ኖሮ ሃምሳ እርምጃ አይሄድም። መርል አዎ ቦታው ላይ ነው አላትና በመሰላሉ ወረደ። እርከኑን በእግሩ እየፈለገ ነበር የወረደው፤ እርጅና ነው ብላ እጇን ሰጠችው።

አጋዘኑ ከቆመበት ቦታ ደም ፈለጉ። ጥቂት ነጠብጣብ አገኙ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ከሃያ እርምጃ በኋላ ደግሞ አንዲት። ዳርላ ተንበርክካ ቅጠሏን አየቻትና ግንባሯ ተቋጠረ። ለሳንባ ምት ይህ ደም አይደለም። ምናልባት ዝቅ ብላለች፣ ምናልባት ምላጩን ስስብ ገፋሁት አለች። መርል ከኋላዋ ቆሞ ሰማት። ዱካው ጅረቱን ተሻግሮ ሽቦው ላይ ቆመ።

ባለቤቱ ሳይፈቅድ የቆሰለ እንስሳ ተከትሎ እንኳ መግባት አይቻልም። ኦሪንን አስጠርተው በትራክተር መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ለመርል ይቀለው ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት የቆሰለ አጋዘን የሚከታተል አንድ እንግዳ አዳኝ አስገብቶ፣ ሰውየው በሩን ክፍት ትቶ ወጣ፤ ጊደሮቹ በመሸ ጊዜ አስፋልቱ ላይ ወጥተው አንዲት የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪ በመኪናዋ ተላትማባቸው እስከ ዛሬ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ናት። ከዚያ ወዲህ ማንም ሽቦውን አልተሻገረም፤ የገዛ ወንድሙም ቢሆን።

«እኔን ታውቀኛለህ፣ ኦሪን» አለው መርል። «በሩን አልነካም። ሽቦውን ረግጬ ነው የምገባው።»

«አውቅሃለሁ» አለ ኦሪን። «ለዚያች ልጅ እናት ቃል ሰጥቻታለሁ፣ መርል። አንድም ሰው አይገባም ብያታለሁ።»

«እሺ አንተው ሂድለት።»

«ሐኪሞች ልቤን ከከፈቱኝ ወዲህ ያንን ከሽቦው ማዶ ያለ ገደል አልወርደውም። ልጄ ነገ ከሥራ ይመለሳል፤ እሱን እልከዋለሁ።»

የዱር እንስሳት ተቆጣጣሪው ጋ በስልክ ደወሉ። ጨዋ ሰው ነበር፤ ባለቤቱ እምቢ ካለ እኔም ላስገድደው አልችልም፣ አዝናለሁ አላቸው። ኦሪን ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ትራክተሩን አዞረ።

መሄድ ነበረባቸው፤ አልሄዱም። ምክንያቱም ዳርላ በሽጉጡ መነጽር ስታማትር አገኘችው። ከሽቦው ሁለት መቶ ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ተኝቷል። አልሞተም። ራሱን ቀና ያደርጋል፣ ያወርዳል፣ ቀና ያደርጋል። ተኩሼ ልገላግለው አለች። መርል ጥይቷ ከዚህ አትደርስም አላት። ትደርስ አትደርስ እንደሆነ እሱ ያውቃል። ሽጉጡን ለሱ ሰጠችውና በመነጽሩ አየ፤ ከዚያ መለሰላት፤ ከዚያ ሁለቱም ያለ መነጽር ቆመው ወደዚያ ሲያዩ ቆዩ። ሲነሣ አዩት። አሥር እርምጃ ያህል ሄዶ ጉልበቱ ከዳውና ወደ ገደሉ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ምንም አልታየም። እኩለ ቀን እስኪሆን ድረስ ቆሙ፤ ለምን እንደሚቆሙ አንዳቸውም አላወቁም።

ቤት ሲደርሱ ዳርላ ወደ እናቷ አልገባችም፤ በቀጥታ ወደ መጋዘኑ አለፈች። እዚያ በሩ አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ የሸሚዝ ጭራዎች ተቸንክረዋል። የአገሩ ልማድ ነው፤ ተኩሶ የሳተ አዳኝ የሸሚዙ ጭራ ተቆርጦ ስሙና ዓመቱ ተጽፎበት ይሰቀላል፣ ሁሉም ይስቅበታል። የወንድሞቿ ስድስት አለ፣ የመርል ሁለት፣ የክሊት ደግሞ አንድ ሙሉ ሸሚዝ ይወጣዋል። የዳርላ አንድም የለም። ሰደርያዋን አወለቀች፣ ሸሚዟን ከሱሪዋ መዘዘች፣ መቀሱን ከመደርደሪያው አንሥታ ለአባቷ ዘረጋችለት።

«ቁረጠው።»

«አልሳትሽም» አላት።

«አቁስዬ ለቀቅኩት። ከመሳት ይብሳል። ቁረጠውና እጨርሳለሁ፤ ከዛሬ በኋላ አልተኩስም። እጅ የሌለው ሰው ምን ቤት ነው? በኔ ኩራት እንስሳው ገደል ውስጥ እየተሰቃየ ነው።»

አልቀለደችም፣ አላለቀሰችም። መርል ፊቷን ሲያይ ያንን መስኮት አየ። መቀሱን ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ዳርላ፣ ጥፋቱ የእጅሽ አይደለም» አለ። «ባሩዱን ቀንሼው ነበር።»

«ምኑን?»

«ሩቡን። ጥይቷ ሙሉ አልነበረችም።»

ሳጥኑን አየችው። «ሙሉ ይላል።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

መርል ስድብ ጠበቀ፤ እንዲያውም ስድቡን ተመኘው። ብትጮህበት፣ አንድ ነገር ብትወረውርበት ይሻለው ነበር። እሷ ግን እንደሚቆጥር ሰው ዓይኗን ጥግ ላይ ተክላ ቆየች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እጅሽ ካበጠ ማግስት። በነሐሴ።»

«ሳህኗንም?»

«አዎ።»

«ክሊት የመጣ ዕለት?»

«ሁሉንም፣ ልጄ።»

ያኔ ነው የሠራው ነገር ሙሉ በሙሉ የታየው። የአጋዘኑን ጥፋት ከላይዋ አነሣለሁ ብሎ በአንድ አፍ ሦስቱን ወርም ወሰደባት፤ ለመደው ያለችው እጅ፣ አራት ጊዜ የጮኸችው ሳህን፣ ክሊት ባርኔጣውን ያወለቀበት ዕለት፣ ሁሉም ሄደ። ዝም ቢል አደኑን ያሳጣታል፣ ቢናገር ደግሞ ይኸው። መውጫ የነበረው በነሐሴ ብቻ ነበር፤ ነሐሴ አልፏል።

ዳርላ ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«መኖ ቤት ቀላሉን ጆንያ መርጠው ለኔ ይተዉልኛል። አውቃለሁ፤ ያላወቅኩ መስዬ እሸከማለሁ። እማዬ ሥጋዬን ወጥ ቤት ከትፋ ነው ሳህኑ ላይ የምታደርገው፤ ያንንም አውቃለሁ። ያላወቅኩት ያንተን ብቻ ነው።»

«አብጦ አየሁት» አለ መርል። «ቧንቧውን መክፈት አቅቶሽ አየሁ። እኔ ምን ላድርግ?»

«አብጦ ነበር» አለች። «ያበጠው የኔ እጅ ነው።»

ዳርላ ሸሚዟን ወደ ሱሪዋ መልሳ ሽጉጡን አነሣች፤ ከፈተችውና የቀረችውን ባዶ ቀለህ አውጥታ ፊቱ አስቀመጠችለት።

«ሙሉውን ሥራልኝ።»

ዛሬ አይሆንም አላት። ደክሞሻል፣ እጅሽ በርዷል፣ ከርሞ ይደርሳል፣ ቀስ እያልን እንጨምር አላት። እንዲህ እያለ ድምፁን ሰማውና አፈረ፤ ያው የነሐሴው ድምፅ ነው። እሷ አልተከራከረችም። ብቻ ቆማ ጠበቀች፤ ሲያልቅበት ቀለሁን አነሣ። መለኮሻውን ገጠመ፣ ባሩዱን መዘነ፣ እርሳሱን አስቀምጦ በማጥበቂያው ተጫነው። ጥይቷን ተቀብላ ወጣች።

መርል ከወንበሩ አልተነሣም። በመስኮቱ ማየት ይችል ነበር፤ አላየም። ተኩሱ ሲሰማ ግን የሙሉ ጥይት ድምፅ መሆኑን አወቀ፤ በነሐሴ አንድ ቀን ብቻ ከዚህ ቦታ የተሰማ ድምፅ ነው። መሬቱ ላይ የወደቀ ነገር ይኖር እንደሆን አዳመጠ። ሎሪን ከቤቱ በረንዳ ዳርላ ብላ ስትጣራ ሰማ፤ ዳርላም ምንም አልሆንኩም ስትላት ሰማ።

በሩ ተከፈተ። ሽጉጡ ሲራገጥ የመነጽሩ ጠርዝ ከቅንድቧ በላይ ተርትሯት ደሙ በአፍንጫዋ ጎን ይወርዳል። የእጅ አንጓዋን ሆዷ ላይ አስደግፋለች፤ ሽጉጡ ከብብቷ ሥር ነው። ጣቶቿ መታጠፍ እምቢ ብለዋት ቀለሁን በሁለት ጣት ቆንጥጣ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«መታሽው?» አላት።

ቀለሁን በክርኗ ወደሱ ገፋችው።

«ሌላ» አለች።

መርል መሐረቡን ዘረጋላት፤ አልተቀበለችውም። ምን ማድረግ ይችላል? ቀለሁን አነሣ። ገና ትኩስ ነበር። መለኮሻውን ቀየረ፣ የባሩዱን ቆርቆሮ ከፈተ፣ ሚዛኑ ላይ ማፍሰስ ጀመረ። ዳርላ ያኔ ከበሩ ተነሥታ ጠረጴዛውን ዞረች፣ ከትከሻው በላይ ጎንበስ አለች። በአርባ ዓመት ውስጥ ማንም ሰው የመርልን ሚዛን ቆሞ ተቆጣጥሮት አያውቅም። እሷ ግን መርፌዋ ሙሉው ላይ እስክትቆም ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም።